ባልንጀራ ወይስ አሽከር?

ማታ ጥናቱ ሲያልቅ፣ አንዳንዴም ሳያልቅ፣ በየመኝታ ቤቱ የኮምፒዩተር ጨዋታ እንደሚከፈት የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ባለፈው ሰሞን በአንድ ክፍል ተሰብስበን፣ በጨዋታው ውስጥ የተጠለሉትን ስደተኞች ለወራሪዎቹ አሳልፈን እንስጥ ወይስ አንስጥ እያልን ስንከራከር፣ አንዱ ወንድማችን «ምን ቸገረን? ባልንጀሮቻችን ቢቀየሙ ስጦታ ሰጥተን እንታረቃቸዋለን» አለ። ነገሩ መጀመሪያ አሳቀን፤ በኋላ ግን አሳሰበን።

የምንናገረው ተጫዋቹ የአንድ ጀግና ቦታ ይዞ ስለሚጓዝባቸው ረጃጅም ጨዋታዎች ነው። ጀግናው ብቻውን አይሄድም፤ ባልንጀሮች ይከተሉታል፣ ይዋጉለታል፣ ማታም እሳት ዳር ተቀምጠው የልባቸውን ይነግሩታል። ለመሆኑ እነዚህ ባልንጀሮች ናቸው ወይስ አሽከሮች?

የካናዳው ባዮዌር ኩባንያ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ድራገን ኤጅ፡ ኦሪጅንስ» እንመልከት። እዚያ የእያንዳንዱ ባልንጀራ ፍቅር በቁጥር ይለካል። ዛሬ የሚያስቀይመውን ሥራ ብንሠራ፣ ነገ ከመንገድ ያነሣነውን ዕቃ አበርክተን ቁጥሩን መልሰን ከፍ እናደርጋለን። ይህ በእኛ ቋንቋ እጅ መንሻ ነው እንጂ ወዳጅነት አይባልም። ዳሩ ግን ደራሲዎቹ ራሳቸው ነገሩ እንዳላጠገባቸው ያስታውቃል። አሊስተር የሚባለው ወጣት፣ አለቃውንና ጓዶቹን በጦር ሜዳ ጥሎ ያስፈጀውን ሎጌይንን ምረን ከማኅበራችን ብናስገባው፣ ምንም ያህል ስጦታ ብንከምርለት ትቶን ይሄዳል። ብዙዎቻችን በዚህ ተናደን ጨዋታውን ወደ ኋላ መልሰናል። መናደዳችን ራሱ ምስክር ነው፤ በዕቃ ማን ይቀየማል?

ከሁሉ የምናደንቀው ግን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው «ፕሌንስኬፕ፡ ቶርመንት» ውስጥ ያለውን ዳክኮንን ነው። ይህ አረጋዊ ሰይፈኛ በእርግጥም አሽከር ነው። እምነቱ በተናጋበት ጊዜ አንድ ሰው የሃይማኖቱን ጽሑፍ አመጣለት፤ እርሱም ያ ሰው እስኪሞት ድረስ ሊያገለግለው ቃል ገባ። ሰውየው ግን የማይሞት ነበር። ያ ሰው ደግሞ እኛው ነን፤ ትውስታችን ስለ ጠፋ ያደረግንበትን አናውቅም። ጽሑፉንም የሰጠነው ለርኅራኄ ሳይሆን በቃሉ ልናስረው ኖሯል። እንግዲህ ሌሎች ጨዋታዎች የሚደብቁትን ነገር፣ ባልንጀራው ለምን ዝም ብሎ ይከተለናል የሚለውን፣ ይህ ጨዋታ አውጥቶ የታሪኩ ቁስል አደረገው።

«ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ ሰው በጨዋታ ደግሞ ለምን ይገሠጻል?» የሚሉን አሉ። ቀኑን ሙሉ በፈተና የደከመ ተማሪ ማታ አመስጋኝ ቢፈልግ አንፈርድበትም። ይሁን እንጂ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ማስ ኢፌክት» የተጫወተ ሁሉ፣ ሬክስ የሚባለው ተዋጊ ለወገኖቹ ተስፋ ብሎ መሣሪያውን የደገነብንን ያቺን ሰዓት ያስታውሳል። አስቀድመን የቤተሰቡን ጥሩር አስመልሰንለት እንደ ሆነ ውለታው ያን ጊዜ ይቆጠርልናል። ያ ከእጅ መንሻ የሚለየው፣ የሰጠነው ነገር ለእርሱ ትርጉም ስላለው ነው። ሲያመሰግኑን ያደሩት የሌሎቹ ባልንጀሮች ስም ግን ከአእምሯችን ጠፍቷል።

እኛን የሚያሳስበን ልማዱ ነው። ስንሳሳት «ትክክል ነህ» ከሚሉን ጋር ሌሊቱን የምናሳልፍ ሰዎች፣ ነገ በስብሰባ ላይ አንድ ጓዳችን ተነሥቶ «አልስማማም» ሲል እንዴት እንሰማዋለን?

ያ ወንድማችን እንዳለው አደረገ። ጨዋታው የቤልጅጉ ላሪያን በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ባልደርስ ጌት 3» ስለ ሆነ፣ ስደተኞቹን ባስፈጀ ጊዜ ዊልና ካርላክ ጥለውት ሄዱ። ስጦታ የሚቀበል አላገኘም። ሁለት ቀን አኩርፎ ከረመና፣ ትናንት ማታ ከመጀመሪያው ሲጀምር አየነው።