ሙግት፦ የአበባ ግቢ አረም ይነቀል ወይስ ይሸፈን?

ክረምት በገባ ቁጥር በጅማ ዞን ደዶ ወረዳ የሚነሳ ክርክር ነው። አንደኛዋ ተሟጋች በወረዳው ሸኪ ከተማ ውስጥ ለዓመታት አበባ ያሳደጉ እናት ናቸው፤ ሁለተኛው ጅማ የሚኖር የእርሻ ባለሙያ።

ይነቀል (ከሸኪ)

በላ ልበልሃ! ነገሩን ከዝናቡ ልጀምር። በእኛ አካባቢ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ቀዩ አፈራችንም ለጽጌረዳ የሚሰጠውን ለአረም አይነፍግም። ሐምሌ ላይ አንድ ሳምንት ለቅሶ ቤት የሰነበተ ሰው ቤቱ ሲመለስ ዳሊያው የት እንደነበር ይጠፋዋል። ስለዚህ ሕጌ አጭር ነው፦ አረም ሳያብብ፣ ከነሥሩ ይነቀል፤ አፈሩም ይኮትኮት።

ሳያብብ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጋሊንሶጋን የማያውቅ የጓሮ ባለቤት የለም፤ ስሙን ባያውቅ መልኩን ያውቃል። ግንዱ ለስላሳ፣ አበባው ነጭና ቅንጣት የሆነ፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው። በበቀለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዘር ያራግፋል። አብቦ ከተነቀለ በኋላ እዚያው መደቡ ላይ ከተጣለም ዘሩን ያበስላል። ጭጎጎት ደግሞ አንዴ ካፈራ በልጆች ሱሪና በበግ ፀጉር ተሳፍሮ ሰፈሩን ያዳርሳል።

ሰርዶና እንግጫ ሌላ ዘዴ ይፈልጋሉ። ሰርዶን በገጀራ የሚከትፍ ሰው እያባዛው ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሥር ያወጣል። አፈሩን ላላ አድርጎ፣ ሥሩን እየተከተሉ በእጅ መምዘዝ ነው መድኃኒቱ። እንግጫን ቅጠሉን ይዞ የሚስብ ሰው የነቀለ ይመስለዋል፤ ፍሬው ግን አፈር ውስጥ እንደ መቁጠሪያ ተያይዞ ይቀራል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ብቅ ይላል። የጎጃም ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ በዘፈን የሚነቅሉትን እንግጫ እኔ ዓመቱን ሙሉ ያለ ዘፈን ስነቅል እኖራለሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን በሩን መጠበቅ ነው። አረምን ወደ ግቢ የምናስገባው አብዛኛውን ጊዜ እኛው ነን፤ ባልበሰለ ፍግ፣ በችግኝ ከረጢት አፈር፣ ከጎረቤት በተለመነ ቁራጭ። የችግኙን ላስቲክ ቀድጄ አፈሩን ሳልበረብር አልተክልም፤ እንግጫ ካገኘሁበት ከበር ይመለሳል። አበባ ወዳድ ሰው ደግሞ የበለጠ መፍራት አለበት። እምቦጭ ሐምራዊ አበባው ስላማረ ነው ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን የዞረው፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ቆቃ ላይ ታየ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ደረሰ። የወፍ ቆሎም ለአጥርና ለጌጥ የገባ አበባ ነበር፤ ዛሬ በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ የግጦሽ መሬት ነጥቋል። «ትንሽ ቢቀር ምን አለበት» የሚል ሰው ይህን ይመልስልኝ።

ይሸፈን (ከጅማ)

እትዬ፣ በር ይጠበቅ ያሉትን ተቀብያለሁ፤ ስለ እምቦጭም አልከራከርም። የምሟገተው ስለዚያ እንደ ምንጣፍ ስለሚጠረገው አፈርዎ ነው። አረም የሚፈለፈለው እዚያ ነው።

አፈር ውስጥ የዓመታት የአረም ዘር ተከማችቷል። ብዙው ብርሃን ካላገኘ አይበቅልም፤ ጋሊንሶጋም ከእነዚህ አንዱ ነው። እርስዎ በኮተኮቱ ቁጥር የታችኛውን ዘር ወደ ላይ አውጥተው ፀሐይ ያሳዩታል። ዛሬ የነቀሉትን የሚተካውን ዛሬውኑ ዘርተው ይገባሉ ማለት ነው። ድካሙ የማያልቀው በስንፍና አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ተዳፋቱ ነው። ደዶ ሜዳ አይደለም። የነሐሴ ዶፍ የተኮተኮተ ራቁት አፈር ሲያገኝ ይዞት ይወርዳል፤ ከፊሉ ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ፣ ከፊሉ ወደ ጎጀብ፤ ሁለቱም ዞሮ ዞሮ ኦሞ ይገባሉ። አንድ የአበባ መደብ ግድብ አይሞላም፤ ጎርፉ ግን የራስዎን ጽጌረዳ ሥር ያወጣዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ይጎዝጎዝ። ጅማና ዙሪያዋ የቡና ገለፈት የሚጣልበት አገር ነው። ከርሞ የሰከነውን ገለፈት አምጥቶ፣ ከሥሩ የካርቶን ወረቀት አንጥፎ፣ አራት ጣት ያህል ማልበስ ነው፤ ከግንዱ ግን ፈንጠር ይበል። ትኩሱን ገለፈት አልመክርም፤ ሲብላላ ይግላል። ሁለተኛው ዘዴ አበባውን ማቀራረብ ነው፤ ዳሊያውና ጀራንየሙ ቅጠል ለቅጠል ከተነካኩ አረሙ ብርሃን አያገኝም።

ሰርዶ ከአጥር ውጭ ይመጣል ቢሉኝ፣ እውነት ነው። ለዚህም መልሱ እዚሁ ጅማ ነው የተገኘው። የመልኮው የጅማ እርሻ ምርምር ማዕከል በ1960ዎቹ ቬቲቨር ሳርን ያስገባው ሰርዶ መሰል ሳሮች ወደ ቡና ማሳ እንዳይሻገሩ ነበር። የቡና እርሻዎች በድንበራቸው ላይ ተከሉት፤ እያጨዱም ለጉዝጓዝ ተጠቀሙበት። ሥሩ ቀጥ ብሎ ሦስት ሜትር ድረስ ይወርዳል፤ ወደ ጎን አይስፋፋም፤ ዘሩም አይበቅልም። ለቡና የሠራ ለአበባ ግቢ ጠርዝ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞስ ሁሉም አረም ጠላት ነው እንዴ? አደይ፣ በኦሮምኛ ኬሎ የምንላት፣ ማንም ሳይተክላት ትወጣለች። መጭም እንዲሁ። ክረምቱ ሲወጣ ንብ የምትቀስመው እነሱን ነው፤ የጅማን ማር የሚወድ ሰው በግቢው ጥግ አንድ ክንድ መሬት ቢተውላቸው አይጎዳም። ዘር ሳያራግፉ ማጨድ ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እንደሚቆጡኝ ግን አውቃለሁ። ጽጌረዳ ሥር የተጠላለፈ ሰርዶ በእጅ አይወጣም፤ ካወጡት የጽጌረዳውን ሥር አብረው ይበጥሳሉ። እዚያ ላይ ግላይፎሴት የተባለውን የአረም መድኃኒት፣ በመርጫ ሳይሆን ጓንት አድርጎ በስፖንጅ የሰርዶውን ቅጠል ብቻ መቀባት ነው። ቅጠሉ ይጠጣዋል፤ ወደ ሥሩ ይወርዳል። በዓመት አንዴ ቢደረግ ይበቃል።

መልስ (ከሸኪ)

ተቆጥቻለሁ። ልጄ፣ ያ መድኃኒት እዚህ የሚመጣው በምን እንደሆነ ታውቃለህ? በሃይላንድ ነው። ከትልቁ ጄሪካን ተቀንሶ፣ ያለ ስም፣ ያለ መጠን፣ ያለ ማስጠንቀቂያ። አዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ ተባይ ሳይመዘገብና መለያ ሳይኖረው እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ገበያ ቀን ግን አዋጅ የሚያነብ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 እ.ኤ.አ. ግላይፎሴትን ካንሰር ሳያስከትሉ አይቀሩም ከሚባሉት ምድብ አስገብቶታል። ልጅ በሚጫወትበት ግቢ፣ በኮዳ ውኃ መልክ የተቀመጠ መርዝ አላስገባም።

ስለ ንብ እየተናገርክ ይህን ማምጣትህም ይደንቀኛል።

ጉዝጓዙን እንኳ አልጠላውም፤ ነገር ግን ለሰነፍ መሸሸጊያ ይሆናል። ካርቶን ለጋሊንሶጋ ይበጃል። ሰርዶ ግን ከሥር ሥሩ እየሄደ ጫፉ ላይ ብቅ ይላል፤ እንግጫ ካርቶኑን በስቶ ይወጣል። እርጥብ ጉዝጓዝ ሥር ደግሞ ቀንድ አውጣ ይራባል፤ የዳሊያን ለጋ ቅጠል ሌሊት የሚበላው ማን ሆነና? መጀመሪያ ነቅለህ አጽዳ፤ ከዚያ አልብስ። አንተ ሁለተኛውን ሥራ አንደኛ አደረግኸው።

የመልስ መልስ (ከጅማ)

ስለ ሃይላንዱ ልክ ነዎት። ማኅተሙ ያልተፈታ፣ ስሙና መጠኑ የተጻፈበት ካልሆነ እኔም እጄን አልሰድም። የአውሮፓ ኅብረት ግን ያንኑ ግላይፎሴት በ2023 እ.ኤ.አ. ለተጨማሪ 10 ዓመት ፈቅዶታል፤ የዓለም ሳይንቲስቶች ገና ባልተስማሙበት ነገር እትዬ ብቻዎን ፍርድ ሰጥተዋል። ቀንድ አውጣውም ጉዝጓዙ ከግንዱ ከራቀ ይቀንሳል፤ ማለዳ ለቅሞ ለዶሮ መስጠትም ይቻላል። መጀመሪያ ይነቀል ካሉ ይሁን፤ አንዴ ተነቅሎ ይሸፈን፤ ከዚያ በኋላ ግን ዶማው ይረፍ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ጽጌረዳው ሥር የገባውን ሰርዶ ያለ መድኃኒት በምን ያወጡታል?

የመጨረሻ ቃል (ከሸኪ)

ቀላል ነው። ሐምሌ ላይ ጽጌረዳውን ገርዞ፣ ከነአፈሩ ቆፍሮ ማንሣት። ሥሩን ባልዲ ውስጥ አጥቦ ሰርዶውን ክር በክር ለቅሞ መጨረስ። ጉድጓዱን በርብሮ የቀረውን ማውጣት፤ ከዚያ መልሶ መትከል። ዝናቡ እያለ አይሞትም። የተለቀመው ሰርዶ ግን ማዳበሪያ ጉድጓድ አይግባ፤ ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ ይድረቅ፤ ፀሐይ እምቢ ካለች ምድጃ አለ።