ወንጪ ስንሄድ የሰው ደጅ መሆኑን አንርሳ



ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ «ዘንድሮስ አንድ ቀን ከከተማ እንውጣ» የሚል ሐሳብ በየቡናውና በየዕድሩ መነሣቱ የተለመደ ነው። ከሚጠሩት ቦታዎች መካከልም ወንጪ ሳትነሣ አትቀርም። ሐሳቡን ከልብ እንደግፋለን። አካሄዳችንን በተመለከተ ግን ጥቂት የምንለው አለ።

እንደሚታወቀው ወንጪ በኦሮሚያ ክልል፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል የምትገኝ የተራራ አገር ነች። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር በሚበልጠው የተራራው ጫፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው፣ ጥንት እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተኛው ሐይቅ፣ የቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት፣ በዳገቱም ላይ የእንሰትና የገብስ ማሳ ይታየዋል። ከጫፉ የሚወርደው የእግር መንገድ ወደ ሐይቁ፣ ከዚያም አልፎ ፍል ውሃና ፏፏቴ ወዳለበት ሸለቆ ያደርሳል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅትም በ2014 ዓ.ም. ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መርጧታል።

ታዲያ «መንደር» የሚለው ቃል ልብ ይባልልን። ወንጪ ሰው የሚኖርባት፣ የሚያርስባት፣ ልጅ የሚያሳድግባት ቦታ ነች። ነዋሪዎቿ ተደራጅተው፣ መንገድ መሪውም ባለፈረሱም ባለጀልባውም ተራ እየጠበቁ እንግዳ ሲያስተናግዱ ቆይተዋል። ዛሬ አንዱ ቢያገኝ ነገ ሌላው ያገኛል። ይህ አሠራር ዕድር ለምናውቅ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት በአካባቢው ዘመናዊ ማረፊያ ተሠርቷል፤ የጎብኚውም ስም አጠራር ከዚያ ወዲህ በዝቷል። ይህ መልካም ነው። ይሁንና ከከተማ ውሃውን፣ ዳቦውን፣ ሥጋውን ሳይቀር ጭኖ ሄዶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ላስቲኩን ጥሎ የሚመለስ እንግዳ ለመንደሩ ሰው ምን ጠቀመው? ቆሻሻውን ብቻ ነው የሚያተርፍለት።

አንዳንድ ጎረቤቶቻችን «በገዛ አገሬ ለመሄድ ለመሪ ምን አስከፈለኝ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። መንገዱ በሰው ማሳና በሰው ደጅ የሚያልፍ ነው። አቋራጭ ፍለጋ ዳገቱን የረገጥነው እንደሆነ፣ የእግራችን ዱካ በሚቀጥለው ክረምት የጎርፍ ቦይ ይሆናል፤ አፈሩም ተጠርጎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። የት እንደሚረገጥ፣ የት እንደሚያዳልጥ የሚያውቀው የአገሩ ልጅ ነው። ከእንግዳ የሚያገኘው ገንዘብ ካልኖረ ደግሞ ያ ወጣት ፊቱን ወዴት ያዞራል? ወይ ቀጥ ያለውን ዳገት ያርሳል፣ ወይ ዛፍ ቆርጦ ይሸጣል። ያን ጊዜ እኛም ለማየት የምንጓጓለት ነገር አይኖርም።

በፈረስ ዋጋ ላይ ደግሞ እንደ መርካቶ የሚሟገት አይጠፋም። ኧረ ተዉ! ፈረሱ ሰው ተሸክሞ ያን ሁሉ ዳገት ሊወጣ እኮ ነው። የአውቶቡስ ኪራይ ሳናንገራግር ከፍለን፣ መንደሩ ላይ ስንደርስ እጃችን የሚታጠፍበት ምክንያት አይታየንም።

ስለሆነም ጉዞ ለምታስተባብሩ ሁሉ የሚከተለውን ልናሳስብ እንወዳለን።

አንደኛ፣ መዋጮ ሲሰበሰብ የመሪና የፈረስ ሒሳብ ከመኪናው ኪራይ ጋር አብሮ ይታሰብ።

ሁለተኛ፣ ከምሳው ቢያንስ ከፊሉ እዚያው ከመንደሩ ይገዛ።

ሦስተኛ፣ ይዘነው የሄድነው ላስቲክና ጠርሙስ ሁሉ ይዘነው እንመለስ።

አራተኛ፣ ብርዱ ቀላል ስላልሆነ ጋቢና የማያዳልጥ ጫማ ይያዝ፤ የመንገዱም ሁኔታ ከመነሣታችን በፊት ይጠየቅ።

አምስተኛ፣ የአገሬው ቋንቋ ኦሮምኛ ነውና ልጆቻችን «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ መስጠትን፣ «ገለቶማ» ብለው ማመስገንን ተምረው ይሂዱ።

የቤት አመል ገበያ ይወጣል ይባላል። የሰፈራችን አመል ወንጪ ላይ ሲወጣ የማያሳፍረን እንዲሆን ከወዲሁ እንምከርበት። መልካም ጉዞ!