ሰዋስውን ከተናጋሪው አፍ

ስፓኒሽ ለመማር የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚይዘው የሰዋስው መጽሐፍ ነው። ግሱን ያረባል፣ ፈተናውን ያልፋል፤ የማድሪድ ወይም የሜክሲኮ ሲቲ ሰው አፉን ሲከፍት ግን ግራ ይገባዋል። ብዙዎች የሚያማርሩት የንግግሩን ፍጥነት ነው። ዋናው ችግር ግን የአዘቦት ንግግር በመጨረሻ እንደሚነሰነስ ቅመም መታየቱ ይመስለኛል። የቋንቋው ተናጋሪዎች ለራሳቸው የሠሩት ድራማ፣ ፊልምና ሬዲዮ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ዋናው የሰዋስው መማሪያ መሆን አለበት እላለሁ።

ከድምፁ እንነሳ። መጽሐፉ «ወደዚያ» ለማለት «ፓራ አያ» ብሎ ያስተምራል፤ መንገድ ላይ የሚሰማው «ፓያ» ነው። «ደክሞኛል» የሚል ስፔናዊ «ካንሳዶ» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ «ካንሳኦ» ይለዋል። ይህ የስንፍና አነጋገር አይደለም፤ የራሱ ሥርዓት አለው። በሁለት አናባቢ መካከል የገባች «ድ» የት እንደምትዋጥና የት እንደማትዋጥ ጆሮ ደጋግሞ ሲሰማ ይለየዋል።

ሰዋስውም እንደዚሁ ነው። ብርጭቆ ከእጁ ያመለጠው ሰው «ሴ ሜ ካዮ ኤል ባሶ» ይላል። በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ መማሪያዎች ይህን እንደ ከባድ ምዕራፍ ያቀርቡታል፤ እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ አቀራረብ ስለሌለው ነው። አማርኛ ተናጋሪ ግን ትዕይንቱን ካየ «ብርጭቆው ወደቀብኝ» እንደተባለ ወዲያው ይገባዋል። ብርጭቆው ራሱ ወደቀ፣ ጉዳቱ ለእኔ ተረፈ። «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» የሚለውም እንደ «ራሴን ያመኛል»፣ «ሜ ጉስታ» የሚለውም እንደ «ደስ ይለኛል» የተሠራ ነው። ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሚማር ሐበሻ እንግሊዞቹ የተቸገሩበትን ችግር ሳያስፈልገው ይወርሳል።

ተማሪን ሁሉ የሚያስፈራው፣ ምኞት የሚነገርበት ሱብኹንቲቦ የሚባለው የግስ ቅርጽም አለ። የቤተሰብ ድራማ የሚከታተል ሰው ይህን የግስ ቅርጽ የሚያገኘው በሠንጠረዥ ተደርድሮ ሳይሆን በመልካም ምኞት ውስጥ ነው፦ ለታመመ «ኬ ቴ ሜኾሬስ»፣ ሊተኛ ለሚሄድ «ኬ ዴስካንሴስ»፣ ለሚሰናበት «ኬ ቴ ባያ ቢየን»። እኛም «ይማርህ»፣ «ይቅናህ» ስንል ግሱን የምናረባው ከተራው ዓረፍተ ነገር ለየት አድርገን ነው። ምኞቱን ከነሁኔታው የያዘ ተማሪ ሠንጠረዡ ሲመጣ የሚያውቀውን ነገር ያገኛል።

ሆኖም ሁሉን በአንዴ መስማት አያዋጣም። ስፓኒሽ የሃያ አገሮች የሥራ ቋንቋ ነው፤ የየአገሩ የአነጋገር ደንብም ይለያያል። ቁርሱን ጠዋት የበላ የማድሪድ ሰው «ኤ ዴሳዩናዶ» ሲል የሜክሲኮው «ዴሳዩኔ» ይላል። የቡዌኖስ አይረስ ሰው ወዳጁን «አንተ» ለማለት «ቦስ» ይልና ግሱንም በዚያው ልክ ይለውጣል፤ «አለህ» ሲል «ቴኔስ» ይላል። በቦጎታ ደግሞ «ኡስቴድ» የሚለው የአክብሮት መጠሪያ በወዳጆችና በቤተሰብ መካከልም ይሰማል። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ወደ ኩባዋ ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ ተልከው የተማሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች የኖሩት የቃል መጨረሻዋን «ስ» በሚውጥ ሕዝብ መካከል ነው። ጀማሪም እንደነሱ አንድ አገር ይያዝ፤ ሌላው በኋላ ይደርሳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሁለት ደቂቃ ንግግር መርጦ መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ መስማት፣ ቀጥሎ በስፓኒሽ ጽሑፍ ማየት፣ ከዚያ ከተዋናዩ ጋር እኩል እየተናገሩ መደጋገም። ሥራው ከመነሻው በስፓኒሽ የተሠራ ይሁን። ከሌላ ቋንቋ ወደ ስፓኒሽ በተመለሰ ፊልም ላይ ድምፁና ጽሑፉ ለየብቻ ስለሚተረጎሙ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ ጆሮ የሰማውን ዓይን ያፈርሰዋል።

ተቃውሞው ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 በስፔን ቴሌቪዥን የጀመረውን «ላ ካሳ ዴ ፓፔል» አይቶ ስፓኒሽ የተማረ ሰው በየዓረፍተ ነገሩ እንደ «ቲዮ» እና «ኾዴር» ያሉ የመንገድ ቃላት እየጨመረ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቢቀርብ ያሳፍራል። እነዚያ ገጸ ባሕርያት የገንዘብ ማተሚያ የሚዘርፉ ወንበዴዎች ናቸው። ነገር ግን ያው ድራማ ወንበዴው ለባልደረባው፣ የፖሊስ መርማሪዋም ለአለቃዋ እንዴት እንደሚናገሩ ጎን ለጎን ያሰማል። እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው የኮሎምቢያው «ዮ ሶይ ቤቲ፣ ላ ፌያ» ደግሞ አብዛኛው ታሪኩ ቢሮ ውስጥ ስለሆነ ጸሐፊዋ ለሥራ አስኪያጁ፣ ጓደኛም ለጓደኛ የሚናገሩትን ያስለያል። ማን ለማን እንዳለው ሳያስተውል ቃል የሚለቅም ተማሪ ከመጽሐፍ ቢማርም መሳሳቱ አይቀርም። «አንተ» እና «እርስዎ» እያለ ላደገ ሰው ግን ይህ ማስተዋል አዲስ አይደለም።

ስለዚህ መጽሐፉ አይጣል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይገልበጥ። ተማሪው በመጀመሪያ ይስማ፣ የሰማውን ይድገም፤ ጥያቄ ሲፈጠርበት ሰዋስዉን ይክፈት። ያኔ መጽሐፉ ተማሪው ራሱ ላነሳው ጥያቄ መልስ ይሰጣል፣ መልሱም ከአእምሮው አይጠፋም።