ተምሮ ምን ይሠራል?

በቀደም ዕለት አንድ አባት ባናቸውን ተከናንበው ከመሐል ሜዳ ገበያ ወደ ትምህርት ቤታችን መጡ። ልጃቸው የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፎ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ስለ ሆነ፥ ለስንቁ ሁለት ሙክት ሸጠው መመለሳቸው ነበር። «መምህር፥ መማሩንስ ይማር፤ ነገር ግን ተምሮ ምን ይሠራል?» አሉኝ። እኔም «ትምህርት መቼም አያከስርም፥ አባባ» ብዬ ሸኘኋቸው። ከሄዱ በኋላ ግን መልሴ አሳፈረኝ።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የተማረ ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፥ ሥራው ተመራቂውን ይፈልገው ነበር። ዛሬ ደብረ ብርሃን እንኳ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት። መንገዱ ቢቀርብም በሩ ጠቧል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሹን ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተመራቂው የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ይህን ሁሉ አልፎ ሥራ አጥቶ ከአባቱ ምድጃ አጠገብ የሚቀመጠው ወጣት ጥቂት አይደለም።

አንዱ ምክንያት አመራረጣችን ነው። ተማሪዎቼን «ይህን ትምህርት ለምን ፈለጋችሁ?» ስላቸው፥ «ጓደኛዬ ስለ መረጠው» ይሉኛል። እኔም ብሆን የመረጥሁት ስሙ ስላማረኝ ነበር።

እስቲ የመንዝን በግ እንመልከት። ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ቀድሞ ይሸጣል፤ ለዘር የሚቀረው ደካማው ነው። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ግን የእርሻ ምርምር ባለሙያዎች ከመንዝ ገበሬዎች ጋር ተባብረው የየግልገሉን ክብደት በመዝገብ መጻፍ ጀመሩ። ገበሬዎቹም ብልጫ ያለውን አውራ መርጠው በጋራ ለዘር ያስቀሩታል። የገበሬው ዓይንና የተማረው ሰው መዝገብ ተገናኝተው ለሁለቱም ሥራ ሆነ።

ለእኒያ አባት መንገር የነበረብኝ ይህን ነው። ልጁ ከመንዝ አይውጣ ማለቴ አይደለም፤ ሥራ ባገኘበት ይሂድ። ነገር ግን በአንደኛው ዓመት መጨረሻ የትምህርት ክፍል ከመምረጡ በፊት፥ በዚያው ሙያ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ሰዎችን ከጧት እስከ ማታ ምን እንደሚሠሩ ይጠይቅ። በዕረፍቱም ወራት ከእንስሳት ሐኪሙ፥ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሒሳብ ያዥ ወይም ከመካኒኩ ዘንድ ውሎ እጁን ያፍታታ። ዲግሪው ደጅ ያደርሳል፤ አስገብቶ የሚያስቀምጠው ግን የሚያውቀው ሥራ ነው።

አባትየው በሚቀጥለው ገበያ ልጃቸውን ይዘውልኝ እንዲመጡ ልኬባቸዋለሁ። እርስዎም ልጅዎን «ተምረህ ምን ትሠራለህ?» ብለው ዛሬውኑ ይጠይቁት። ከምረቃ በኋላ የተጠየቀ እንደ ሆነ ጥያቄው ወቀሳ ይሆንበታል፤ ዛሬ ግን ምክር ነው።