ጡንቻው ብቻ አይደለም

ማነሪዝም በተባለው የሥነ ጥበብ ስልት ዘመን የተሠሩ የኅትመት ሥዕሎች የጡንቻ ትርዒት ናቸው፣ የጥንቱ ተረትም ሰበብ ብቻ ነው የሚለውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። አልስማማም። ጸሐፊው ለማስረጃነት የጠሩት የኅትመት ሥዕል ቀራጭ ሄንድሪክ ጎልትዚዩስ ራሱ ይመሰክርባቸዋል።

ጎልትዚዩስ እ.ኤ.አ. በ1588 በሠዓሊው ኮርኔሊስ ቫን ሃርለም ንድፍ መሠረት የቀረጻቸውን አራት ክብ ሥዕሎች እንመልከት። የጥንቱ ተረት ሰዎች ታንታሉስ፣ ኢካሩስ፣ ፋኤቶንና ኢክሲዮን እርቃናቸውን ቁልቁል ይወድቃሉ። ጸሐፊው የገላውን መጠማዘዝ አይተው በክቡ ጠርዝ ዙሪያ የተጻፈውን የላቲን ግጥም ዘለሉት። ግጥሙ ከአቅሙ በላይ የተንጠራራን ሰው ይገሥጻል። አራቱም የአማልክትን ድንበር የደፈሩ ናቸው፤ አንድ ላይ የተሰበሰቡት በአጋጣሚ አይደለም።

የእጅ ሥራውም ቢሆን ባዶ ጉራ አይደለም። መቅረጫው የመዳብ ሰሌዳውን ጠልቆ ሲቆርጥ ጭረቱ ብዙ ቀለም ይይዛል፣ መስመሩም ይወፍራል፤ ሲነሣ ደግሞ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። የኢካሩስ ገላ ክብደት ያገኘው ከዚህ መስመር ነው። ክብደት ከሌለው ውድቀቱ አያስፈራም፤ ውድቀቱ ካላስፈራ ደግሞ ተግሣጹ ከንቱ ነው።

ጎልትዚዩስ በ1589 የሠራው «ታላቁ ሄርኩለስ»ም በደረቱ ስፋት ብቻ አይመዘንም። በእጁ የያዘው የወንዝ አምላኩን የአኬሎውስን ቀንድ ነው፤ ቀንዱን ያስገኘለት ትግልም ከበስተጀርባው በትንሹ ተቀርጿል። ጀግናው ከነታሪኩ ቆሟል።

ላይ ላዩን አይቶ ጥልቀት የለውም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ሐያሲ ከመፍረዱ በፊት ወረቀቱን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ማንበብ አለበት።