የጎልማሳ ተማሪ እናት

ትልቁ ልጄ ባለፈው ሰሞን ከሥራ ሲመለስ ፊቱ ደስ አላለኝም። የምኖረው ከእሱና ከባለቤቱ ጋር ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው፤ እሱ የሚሠራው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ነው። ብዙውን ጊዜ ሲመሽበት የሚያማርረው የመገናኛን የታክሲ ሰልፍ ነው። ያን ቀን ግን ስለ ታክሲ አላወራም። ራቱን ቆነጣጥሮ ተወው።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ምንም አልሆንኩም እማዬ። ሥልጠና አስገቡን።»

«ታዲያ ሥልጠና ምን ያስከፋል? እኛ እኮ ሥልጠና ሲባል አበል አለው ብለን እንሻማ ነበር።»

አልሳቀም። ቀስ ብሎ ነው የነገረኝ። ልጄ የሶፍትዌር ባለሙያ ነው፤ ዕድሜው 38፣ በሙያው 14 ዓመት ሠርቷል። መሥሪያ ቤታቸው አዲሱን የጃቫ አሠራር ተማሩ ብሎ ለአራት ሳምንት ክፍል አስገብቷቸዋል። አሠልጣኙ በዕድሜ በ12 ዓመት ያንሰዋል። አብረውት የተቀመጡት ልጆችም ትናንት የተመረቁ ናቸው፤ አሠልጣኙ ተናግሮ ሳይጨርስ ይገባቸዋል። «ያልገባኝን ብጠይቅ 'ይሄ ሰውዬ 14 ዓመት ምን ሲሠራ ኖረ?' ይሉኛል። ዝም ብል ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ የሚቀነሰው እኔ ነኝ» አለኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅ ትንሽ ሳለ ትምህርት ሲከብደው ምን እንደሚደረግ እናውቃለን፤ ደብተሩን እናያለን፣ አስጠኚ እንፈልጋለን። አርባ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ የራሱ ልጅ ያለው ተማሪ እናት ምን ታደርጋለች? በማግሥቱ ቡና አፈላሁና «በል አስረዳኝ፤ ይህ ጃቫ የምትሉት ምንድን ነው?» አልኩት።

ከእሱ የሰማሁትን ባጭሩ ላካፍላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ጃቫ ኮምፒውተርን የሚያዙበት ቋንቋ ነው። በ1995 ያወጣው ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን ዋና ፈጣሪው ጄምስ ጎስሊንግ ይባላል። በ2010 ሰንን ኦራክል ገዛው። ቋንቋው መጀመሪያ ኦክ ይባል ነበር፤ ኋላ በቡና ስም ጃቫ አሉት። ጃቫ ቡና የሚበቅልባት የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት፤ ምልክቱም የሚተን የቡና ስኒ ነው። «የቡና አገር እያለ ምነው ከፋ ብለውት ቢሆን» ስለው ያን ጊዜ ሳቀ።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ስሪት 6 የሚባለውን ነው። ሥራ ላይ ደግሞ በ2014 በወጣው ስሪት 8 ሲሠሩ ቆዩ። ከ2017 ወዲህ ግን ጃቫ በየስድስት ወሩ አዲስ ስሪት ያወጣል። ከእነዚህ መካከል ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚደረግላቸው፣ ድርጅቶችም የሚመርጧቸው አሉ፤ 11 በ2018፣ 17 በ2021፣ 21 በ2023፣ 25 ደግሞ በ2025 ወጥተዋል። የልጄ መሥሪያ ቤት «የሚሠራውን ነገር አንነካካው» እያለ 8 ላይ ተቀምጦ ኖረና አሁን በአንድ ጊዜ ወደ 21 እንሂድ አለ። ዓመታት የተጠራቀመ ትምህርት በአራት ሳምንት ማለት ነው። ልጄ ሰነፍ ሆኖ አይደለም ወደ ኋላ የቀረው፤ በተሰጠው መሣሪያ ሲሠራ ነው ጊዜው ያለፈው። ይህን ለይቶ ማወቅ ለወላጅም ለልጅም ይጠቅማል።

«እሺ፣ አዲሱ ነገር ምንድን ነው?» አልኩት። ሦስቱን ነገረኝ፤ እኔም ወደ ሆስፒታል ቋንቋ መለስኳቸው።

አንደኛው ሪከርድ ይባላል። ድሮ አንድ ትንሽ መረጃ፣ ለምሳሌ የአንድን ሰው ስምና የልደት ቀን፣ ለመያዝ ብዙ መስመር መጻፍ ነበረባቸው። አሁን በአንድ መስመር ያልቃል። ዋናው ነገር ደግሞ አንዴ ከተሞላ በኋላ የተጻፈው አይለወጥም፤ ማረም ከተፈለገ አዲስ ይሠራል። «ይህማ የሕመምተኛ ካርድ ሕግ ነው» አልኩት። እኛ ካርድ ላይ የተጻፈ አንፍቅም። ተሳስተን ከሆነ በአንድ መስመር ሰርዘን፣ ፈርመን፣ ትክክለኛውን ከጎኑ እንጽፋለን። የተፋቀ ካርድ ሰው ይገድላል።

ሁለተኛው ዓይነቶችን አስቀድሞ መዝጋት ነው። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው «ሊመጡ የሚችሉት እነዚህ ብቻ ናቸው» ብሎ ይወስናል። ከዚያ ለአንዱ ምን እንደሚደረግ ሳይጽፍ ከረሳ፣ ኮዱ ገና ሥራ ላይ ሳይውል ኮምፒውተሩ ራሱ «ይህችን ረስተሃል» ይለዋል። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ሕመምተኛ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ይለያል እንበል። ለቀይና ለአረንጓዴ የሚደረገውን ጽፎ ቢጫውን የረሳ መመሪያ በእኛ ጊዜ የሚታወቀው ሰው ከተጎዳ በኋላ ነበር።

ሦስተኛው ቨርቹዋል ትሬድ ነው፤ ከስሪት 21 ጋር በይፋ የገባ። ይህ በጣም ደስ አለኝ። በድሮው አሠራር ፕሮግራሙ ለሚያስተናግደው ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ሠራተኛ ይመድባል። ያ ሠራተኛ መልስ እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል። አንዲት ነርስ ሕመምተኛዋን ላቦራቶሪ ልካ ውጤቱ እስኪመጣ ሌላ ሰው ሳትቀበል ብትቀመጥ ማለት ነው። ኮሪደሩ በሰው ይሞላል፤ ነርሷ ግን ሥራ ፈታ ተቀምጣለች። በአዲሱ አሠራር ውጤቱ እስኪመጣ ቀጣዩን ትቀበላለች፤ ውጤቱ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ትመለሳለች። ነርሶቹ አልጨመሩም፤ የሚስተናገደው ሰው ግን እጅግ በዛ።

ይህን ስነግረው ልጄ ስኒውን አስቀምጦ «እማዬ፣ አሠልጣኙ እንዲህ አላስረዳንም» አለኝ። ያኔ ነው የራሴን ታሪክ ልነግረው የወሰንኩት። ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር።

በስምጥ ሸለቆ በምትገኝ አንዲት ቆላ ከተማ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። ወባ የዕለት እንጀራችን ነበረች። ሙያውን ስጀምር መድኃኒቱ ክሎሮኪን ነበር። በሽታው ሲለምደው አገሪቱ በ1998 ለአደገኛው የወባ ዓይነት ወደ ፋንሲዳር ዞረች። እሱንም ሲለምደው በ2004 ኮአርተም መጣ። ለሥልጠና ጠሩን። ከጎኔ የተቀመጡት ገና ከትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ነበሩ። እኔ «ሲስተር» ተብዬ የምከበር፣ ሌሎችን የማስተምር ነበርኩ። አንድ ያልገባኝ ነገር ነበር፤ አልጠየቅሁም። ምን ይሉኛል አልኩ።

በተመለስኩ በሳምንቱ አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። ክኒኑን ቆጥሬ ሰጠኋትና «በቀን አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ቀን» አልኳት። ይህ የክሎሮኪን ልማድ ነው፤ አፌ ለምዶታል። ኮአርተም ግን በክብደት ተለክቶ ጠዋትና ማታ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን የሚወሰድ ነው። በእኔ አነጋገር ያ ሕፃን የሚያገኘው የሚገባውን ግማሽ ነበር። እናቲቱ በሩ ጋ ስትደርስ አጠገቤ የነበረችው ወጣት ነርስ በጆሮዬ «ሲስተር፣ ሁለት ጊዜ አይደል?» አለችኝ። ሮጬ መለስኳት።

ያቺ ልጅ ያን ቀን ባትኖርስ? እስከ ዛሬ የማስበው ይህን ነው። ሕፃኑን ልጎዳው የነበረው ዕውቀት ስላጣሁ ብቻ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ያፈርኩት እፍረት ነው።

ልጄ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «የእኔ ሥራ ግን ሰው አይገድልም» አለኝ። እርግጠኛ ነህ አልኩት። ጤና ሚኒስቴራችን ከየጤና ተቋሙ ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚባል ሥርዓት አለ፤ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚሠራ፣ በብዙ አገሮች የሚያገለግል ነው። እኛ በቆጠራ ቅጽ በጭረት እንመዘግበው የነበረው ክትባትና ወሊድ ዛሬ እዚያ ይገባል። ልጄ ስልኩን አውጥቶ ፈለገና ሳቀ፤ ሥርዓቱ የተጻፈው በጃቫ ነው። 2.41 የተባለው ስሪቱም ጃቫ 17 ካልተጫነለት አይሠራም። ያረጀውን ብቻ የሚያውቅ ባለሙያ እሱን ሊያድስ አይችልም።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ የራት ጠረጴዛው የሁለታችን ክፍል ሆነ። አሠልጣኙ እያንዳንዱ ሰው በአዲሱ አሠራር አንድ ትንሽ ነገር ሠርቶ እንዲያመጣ አዞ ነበር። ልጄ የሕፃናትን የክትባት ቀጠሮ የሚያሰላ ፕሮግራም መረጠ። ደንቡን የምነግረው እኔ ነኝ፦ አምስቱን በአንድ የያዘው ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፤ የኩፍኝ በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር። ችግር የመጣው በቀን አቆጣጠር ነው። ጃቫ ከስሪት 8 ጀምሮ የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር በውስጡ ይዟል፤ የእኛን አልያዘም። የኢትዮጵያን የያዘው ስሪቴን ኤክስትራ የሚባል በነፃ የሚገኝ ተጨማሪ ነው። ልጄ ይህን አያውቅም ነበር፤ በማግሥቱ እጁን አውጥቶ ጠየቀ። አሠልጣኙ አሳየው። ማንም አልሳቀም፤ እንዲያውም ሁለት ወጣቶች «እኛም ግራ ገብቶን ነበር» አሉት።

ማታ ፕሮግራሙን ፈተንኩት። «ጳጉሜን 3 የተወለደ ልጅ ስድስት ሳምንቱ መቼ ነው?» ጳጉሜን 5 በሆነችበት ዓመት ጥቅምት 10 አለኝ፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ጳጉሜን 6 ስትሆን፣ ጥቅምት 9። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ልክ ነው። «እናትየው የስድስት ሳምንቱን አሳልፋ በሦስት ወሩ ብታመጣውስ?» አልኩት። ፕሮግራሙ ሁለተኛውን ክትባት ለዚያው ሰሞን ቀጠረው። ስሕተት! በሁለቱ መካከል ቢያንስ አራት ሳምንት ሊኖር ይገባል። ልጄ ጭንቅላቱን ያዘ፤ እኔ ጡረታ የወጣሁት ሴትዮ ደግሞ ደረቴን ነፋሁ። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አስተካከለው።

ውድ ወላጆችና አያቶች፣ ከዚህ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ጎልማሳ ልጃችሁ ሥልጠና ገባ ሲባል «እስከ ዛሬ ሳታውቅ ነው የምትሠራው?» አትበሉት። ይልቅ «ዛሬ የተማርከውን ለእኔ እንደሚገባኝ አድርገህ ንገረኝ» በሉት። ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ካልቻለ የት ላይ እንዳልገባው ራሱ ያየዋል። በእነዚያ ሳምንታት የልጅ ልጆቹን እናንተ ያዙለት። እኛ ቤት የሕፃኗ የማታ ተረት ለአንድ ወር የእኔ ድርሻ ነበር።

በራሱ ወጪ የሚማር ካለም ከመክፈላችሁ በፊት ይጠይቅ። ቋንቋው ራሱ በነፃ ስለሚገኝ የሚከፈለው ለማስተማሩ ነው። የሚያስተምሩት የትኛውን ስሪት ነው? 8 ላይ የሚያበቃ ከሆነ የትናንት ትምህርት ነው። ተማሪው በየቀኑ በእጁ ይጽፋል ወይስ ሲጻፍ ያያል? መርፌ መውጋት በማየት የተማረ ነርስ አላየሁም። ገና ለሚጀምሩ የልጅ ልጆች ደግሞ በ2024 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በነፃ መነሻ ይሰጣል። ሰርተፊኬቱ ሲመጣ ደስ ይበላችሁ፤ ቀጥሎ ግን «በተማርከው ምን ሠራህ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የልጄ ሥልጠና ባለፈው ዓርብ አለቀ። ይቀነስ አይቀነስ ገና አልታወቀም፤ እኔም ያን ላውቅለት አልችልም። ነገር ግን ሥራውን ለክፍሉ ሲያሳይ አሠልጣኙ «የአራት ሳምንቱን ነገር እንዴት አሰብከው?» ብሎ ጠየቀው። «እናቴ ናት የነገረችኝ» ብሎ እንደመለሰ ሲነግረኝ ራቱን አንስቶ እየበላ ነበር፤ ጨረሰው።

ሰላም ሰንብቱ።