እንግዳ የራቀው አገር

አንድ አገር ከውጭ የሚመጣ ጎብኝ ሲበዛለት ደስ ይለዋል፤ ሲቀርበት ደግሞ የመጀመሪያው አሳቡ ወደ ማስታወቂያ ይሄዳል። ሥዕሉ ያማረ ወረቀት ይታተም፥ ፊልም ይነሣ፥ በውጭ አገር ኤግዚቢሽን ይከፈት ይባላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን እንግዳው የቀረበትን ምክንያት ሳይመረምሩ ጥሪውን ብቻ ማብዛት፥ ጠላው ሳይጠነሰስ ለድግስ እንደ መጥራት ያለ ሥራ ነው። የጎብኝዎች መቅረት የሚጀምረው በሆቴሉ በር ላይ ሳይሆን፥ ብዙ ጊዜ ከሆቴሉ እጅግ በራቀ ቢሮ ውስጥ ነው። ይህንኑ ለማስረዳት የስሪ ላንካን ነገር ለወጣት አንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሪ ላንካ በሻይዋ ስሟ የታወቀ፥ እስከ 1972 ድረስ ሲሎን ትባል የነበረች፥ ከሕንድ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የምትገኝ ደሴት ናት። ተፈጥሮም ታሪክም አልነፈጓትም። በሲጊሪያ ቀጥ ብሎ በቆመው አለት ራስ ላይ የጥንት ንጉሥ ቤተ መንግሥት ፍራሽ አለ፤ በካንዲ ከተማ የቡድሃ ጥርስ ይገኝበታል ተብሎ የሚከበረው መቅደስ አለ፤ በጋል ኤውሮፓውያን የሠሩት ምሽግ እስከ ዛሬ ባሕሩን ይመለከታል፤ ባቡሩ በሻይ ተክል መካከል እየተጠማዘዘ ወደ ደጋው ይወጣል፤ በያላ ጫካ ነብር ይታያል። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው ስፍራዎቿ ስምንት ናቸው።

ይሁን እንጂ ውበት ብቻውን እንግዳ አያመጣም። ከ1983 እስከ 2009 ድረስ በደሴቲቱ ላይ የእርስ በርስ ጦርነት ነበረና፥ ጦርነቱ ባበቃበት ዓመት የመጣው ጎብኝ 450,000 እንኳ አልሞላም። ጠመንጃው ጸጥ ካለ በኋላ ግን ቁጥሩ እያደገ ሄዶ በ2018 ከ2,300,000 በላይ ደረሰ፤ ከዚሁም የተገኘው የውጭ ምንዛሪ ወደ 4 ቢሊዮን 400 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። ሎንሊ ፕላኔት የተባለው ስመ ጥር የጉዞ መጻሕፍት አሳታሚም፥ በ2019 ሊጎበኙ ከሚገባቸው አገሮች ሁሉ ስሪ ላንካን በአንደኛነት መረጠ። አለቱም ምሽጉም ያው የድሮው ነው፤ የተለወጠው ሰላሙ ነበር።

እንግዲህ ውድቀቱ እንዴት እንደ መጣ በተራ እንመልከት።

በኤፕሪል 21 ቀን 2019፥ በምዕራባውያን የትንሣኤ በዓል ዕለት፥ አጥፍቶ ጠፊዎች በሦስት አብያተ ክርስቲያናትና በኮሎምቦ ከተማ በሚገኙ ሦስት ታላላቅ ሆቴሎች ቦምብ አፈንድተው ከ260 የሚበልጡ ሰዎች ገደሉ። ከሞቱትም መካከል ከ40 በላይ የሆኑት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በተከታዩ ወር የገባው ጎብኝ፥ ካለፈው ዓመት ከዚያው ወር ጋር ሲመዛዘን ከ70 በመቶ በላይ አነሰ። ይህን የክፉዎች ሥራ ነው ብለን ልናልፈው እንችል ነበር። ነገር ግን ከሕንድ የጸጥታ ክፍል ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ደርሶ ነበር። ወረቀቱ በሹማምንቱ እጅ ቆየ እንጂ፥ ሊጠበቁ ይገባቸው ለነበሩት ሰዎች አልደረሰም። በጃንዩዌሪ 2023 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ በጊዜው ፕሬዚዳንት የነበሩት ማይትሪፓላ ሲሪሴና እና የጸጥታ ሹማምንቱ ሊከላከሉት ሲገባቸው ቸል ብለዋልና ለተጎጂዎች ካሣ ይክፈሉ ሲል ፈረደ። በፕሬዚዳንቱ ላይ ብቻ የተፈረደው 100 ሚሊዮን ሩፒ ነበር። እዚህ ላይ ልብ እንበል። አስተናጋጁ አላጠፋም፤ አስጎብኝው አላጠፋም። ጥፋቱ በሰዓቱ ያልተላለፈ ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ነገር የግምጃ ቤቱ ነው። በኖቬምበር 2019 ጎታባያ ራጃፓክሳ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ወዲያውም መንግሥታቸው ግብር ቀነሰ። የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ15 በመቶ ወደ 8 በመቶ ወረደ። ግብር ሲቀነስ የሚከፋው ሰው የለም፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፥ ጉዳቱ በዚያን ሰዓት አልታየም። ነገር ግን የመንግሥቱ ገቢ ጎደለ፤ የአበዳሪዎቹም እምነት ቀነሰ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ የኮሮና ወረርሽኝ መጣና በማርች 2020 የአገሪቱ በር ለጎብኝዎች ተዘጋ። በ2021 ዓመቱን ሙሉ የገባው ጎብኝ 200,000 አልደረሰም። ወረርሽኙ የዓለም ሁሉ መከራ እንጂ የስሪ ላንካ ጥፋት አይደለም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ጎተራውን ባዶ ያደረገው ግን የሰው ውሳኔ ነው።

ሦስተኛው የእርሻው ነገር ነው። በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያ ወደ አገር እንዳይገባ በድንገት ተከለከለ። እርሻውን ሁሉ በተፈጥሮ ማዳበሪያ ለማካሄድ ነው ተባለ። አሳቡ በራሱ የሚነቀፍ ላይሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን ገበሬው ሳይዘጋጅ፥ የአፈርና የሰብል አዋቂዎች የሰጡት ምክር ሳይደመጥ፥ በአንድ የእርሻ ወራት የሚፈጸም ሥራ አልነበረም። የሩዝ ምርት ወደቀ፤ የውጭ ምንዛሪ የሚያስገባው ሻይም ተጎዳ። ያው ዓመት ሳያልቅ መንግሥት ክልከላውን ለማላላት ተገደደ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። በኤፕሪል 2022 መንግሥቱ የውጭ ዕዳውን መክፈል እንዳቆመ አስታወቀ፤ ይህም አገሪቱ በ1948 ነጻ ከወጣች ወዲህ ያልታየ ነገር ነው። በግምጃ ቤቱ ሊሠራበት የሚችል የውጭ ምንዛሪ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በታች ሆነ። መብራት በቀን እስከ 13 ሰዓት ድረስ ይጠፋ ጀመር፤ ለነዳጅ ቀናት የሚፈጅ ሰልፍ ተሰለፈ፤ መድኃኒት ጠፋ። ተማሪዎቻችን ይህን ያስተውሉ፦ በማርች 2022 በአገሪቱ ምዕራባዊ ክፍል ፈተና የተላለፈው የሚታተምበት ወረቀት በመታጣቱ ነበር። በጁላይ 9 ቀን ሕዝቡ የፕሬዚዳንቱን መኖሪያ ሰብሮ ገባ፤ እርሳቸውም በ13ኛው ቀን ወደ ማልዲቭስ ሸሹ፥ በማግሥቱም ከሲንጋፖር ሆነው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በሴፕቴምበር የዋጋው ንረት 70 በመቶ ገደማ ደረሰ።

እስቲ በዚህ ጊዜ ጎብኝው ምን እንደሚያስብ እናስብ። ጎብኝ የፖለቲካ ወገን የለውም፤ ማን ያሸንፍ ብሎ አይጨነቅም። የሚጠይቀው ሦስትና አራት ነገር ነው። ከአይሮፕላን ጣቢያ የሚያደርሰኝ መኪና ነዳጅ አለውን? ማታ መብራት ይኖራልን? ብታመም መድኃኒት ይገኛልን? የአገሬ መንግሥት አትሂድ ብሏልን? የገዛ መንግሥቱ አትሂድ ካለው ኢንሹራንሱ ላይረጋለት ይችላልና ጉዞውን ይተዋል፤ የጉዞ ወኪሉም ሌላ ባሕርና ሌላ ተራራ ያሳየዋል። ለእርሱ የዕረፍት ስፍራ መለወጥ ማለት ነው፤ ለባለ ሆቴሉ ግን ዛሬ ያልተከራየ አልጋ እንደ እህል ተከማችቶ ለነገ አይሸጥም። በ2022 የመጣው ጎብኝ 720,000 ያህል ብቻ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ክበቡ ነው። ነዳጅ ለመግዛት ዶላር ያስፈልጋል፤ ዶላሩን ከሚያመጡት አንዱ ጎብኝው ነው፤ ጎብኝው ደግሞ ነዳጅ ስለሌለ አይመጣም። ይድናል የተባለበት መድኃኒት ራሱ ታመመ።

አንዳንድ ሰዎች፥ «ሕዝብ እንጀራ ባጣበት ጊዜ ስለ ባዕዳን ሽርሽር ማልቀስ ምንድር ነው?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በቱሪስት የሚኖረው ባለ ሆቴሉ ብቻ አይደለም። ባጃጅ ነጂው፥ ዓሣ አጥማጁ፥ አንሶላ አጣቢዋ፥ እንጨት ጠርቦ ዝሆን የሚቀርጸው ሰው፥ ቋንቋ ተምሮ አስጎብኝ የሆነው ወጣት፥ ሁሉም እንጀራቸው ከዚያ ነው። ግብሩ ሲቀነስም ሆነ ማዳበሪያው ሲከለከል ከእነዚህ አንዱም አልፈረመም፤ ዕዳውን ግን እነርሱ ከፈሉ። ብዙዎቹም ፓስፖርት ለማውጣት በረጅሙ ተሰልፈው ሙያቸውን ይዘው ወደ ውጭ ሄዱ። አንድን ጥሩ ወጥ ቤት ወይም አስጎብኝ ለማሠልጠን ዓመታት ይፈጃል፤ እርሱን ለማጣት ግን አንድ የአይሮፕላን ቲኬት ይበቃል። በኖቬምበር 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቀድሞው ፕሬዚዳንትና ወንድሞቻቸው፥ ከሌሎች ከፍተኛ ሹማምንት ጋር፥ ለኤኮኖሚው ውድቀት ተጠያቂ መሆናቸውንና የሕዝብን አደራ ማጉደላቸውን አረጋገጠ። ፍርዱ ለታሪክ ይጠቅማል፤ የሄደውን አስጎብኝ ግን አይመልስም።

መነሣቱም ቢሆን ትምህርት አለው። በማርች 2023 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ለአራት ዓመት የሚሆን ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር ፈቀደ። ብድሩ ያለ መራራ ነገር አልመጣም፤ ያ ወደ 8 በመቶ የወረደው ታክስ በጃንዩዌሪ 2024 ወደ 18 በመቶ ወጣ። በቀላሉ የተሰጠው በእጥፍ ተመልሶ ተጠየቀ ማለት ነው። ነዳጁ ሲገኝ፥ መብራቱ ሲበራ፥ ጎዳናው ሲረጋ ጎብኝው መመለስ ጀመረ፤ በ2023 ወደ 1,490,000፥ በ2024 ከ2,050,000 በላይ ሆነ። ይሁን እንጂ ስድስት ዓመት ካለፈ በኋላም በዚያ ዓመት የተቆጠረው ከ2018ቱ በታች ነበር። መጀመሪያ የተስተካከለው የመንግሥቱ ቤት ነው፤ እንግዳው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛም ይህን የምንጽፈው የሩቅ ሰው ችግር ለማውራት ብቻ አይደለም። አገራችን በ1960ዎቹ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት የቱሪዝምን ሥራ ከጀመረችና የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ የሚለውን መጠሪያ ለዓለም ካስተዋወቀች ወዲህ፥ ሰላም በጠፋ ቁጥር ጎብኝው ሲሸሽ አይታለች። በኖቬምበር 2020 በሰሜን ጦርነት ከተነሣ በኋላ፥ በ2021 ላሊበላ ከአንዱ ጦር እጅ ወደ ሌላው ስትተላለፍ፥ ኑሮው በጎብኝ ላይ የቆመው የከተማዋ ሕዝብ ምን እንደ ደረሰበት የታወቀ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ እንደ ሲጊሪያው አለት ከስፍራው አልተነቃነቀም። የታጣው መንገዱን አምኖ የሚመጣው ሰው ነው።

ስለዚህ ወጣት ሹማምንቶቻችን ጎብኝ የማምጣት ሥራ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ብቻ ነው ብለው እንዳያስቡ እናሳስባቸዋለን። በጸጥታ ክፍል ማስጠንቀቂያ የደረሰው ጸሐፊ፥ በገንዘብ ሚኒስቴር ሒሳብ የሚያሰላው ባለሙያ፥ በግብርና ሚኒስቴር ትእዛዝ የሚያረቀው መኮንን፥ ሁሉም ሳያውቁት የሆቴል በር ጠባቂዎች ናቸው። ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ሳያድር አስተላልፉ። ቁጥሩ አይደርስም የሆነ እንደ ሆነ አለቃ ቢቆጣም አይደርስም በሉ። ገበሬውን የሚነካ ትእዛዝ ሲረቀቅ ገበሬውን ጠይቁ። ይህን ማድረግ አንዳንድ ጊዜ ሹመት ያዘገያል፥ ወዳጅም ያሳጣል፤ እናውቃለን። ቢሆንም «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፥ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ተረት፥ ከወጥ ቤት ይልቅ ለመንግሥት ቢሮ ይስማማልና፥ መጥኖ መደቆሱ ዛሬ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ይጀመር።